ትልቅ ዓሣ ያዝኩ፣ ጓደኛ አጣሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዳላስ ነው። አምስት ጓደኛሞች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ለማጥመድ ሌክ ፎርክ የሚባል ሐይቅ እንወርዳለን። ፌብሩዋሪ ላይ ብቻዬን ወጥቼ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ባስ የሚባለውን ዓሣ ያዝኩ። ርዝመቱ 26 ኢንች፣ የሆዱ ዙሪያ 20 ኢንች። ሚዛኔ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር በሜትር ለክቼ፣ ፎቶ አንስቼ ለቀቅኩት። ማታ በቀመር አስልቼ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ "13 ፓውንድ" ብዬ ለጠፍኩ። ከዚያ በኋላ የመጣው መዓት ነው። አንዱ "11 ቢሞላ ነው" አለ። ሌላው "እጁን ወደ ካሜራው ዘርግቶ ነው" አለ። ሦስተኛው "ቦታው የእኔ ነበር፣ ተከትሎኝ ነው ያወቀው" አለ። የቅርብ ጓደኛዬ የምለው ልጅ ደግሞ ምንም ሳይተነፍስ ስልኬን ማንሳት ተወ። በሳምንቱ ቦታው የእኔ ነው ያለው ልጅ ከጀልባ ማውረጃው ጀምሮ ተከተለኝና፣ እያጠመድኩ ባለሁበት ሞተሩን እያስጓራ አጠገቤ አለፈ። ሰው ለአንድ ዓሣ ብሎ እንዲህ ይሆናል? ልጋፈጣቸው ወይስ ልተወው? እውነቱን ልናገርና፣ ከመካከላችን ያልሆነ አንድ ልጅ ባለ 10 ፓውንድ ሲይዝ እኔም "ላይቭስኮፕ ላለው ሰው ይሄ ምን ይደንቃል" ብዬ ጽፌያለሁ (ላይቭስኮፕ ዓሣውን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ ነው)። እኔም ምቀኛ ሆንኩ ማለት ነው?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል ይህን ያለህ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ባለ 26 ኢንች ባስ ዕድሜውን ሙሉ አጥምዶ ሳያያት የሚቀር ሰው ብዙ ነው። "ሳያያት" ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ያን ያህል የምታድገው ሴቷ ናት፤ ወንዱ እዚያ አይደርስም።

እኔ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነኝ እንጂ የሥነ ልቦና ሐኪም አይደለሁም። ግን በውድድሮች ላይ ሚዛን አጠገብ ብዙ ቆሜያለሁ። እዚያ የሚቆም ሰው ሳይወድ በግድ ፊት ማንበብ ይለምዳል። ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ሲወጣ ሁሉም አሸናፊውን ያያል። እኔ ሁለተኛ የወጣውን አያለሁ። ያጨበጭባል፤ ብዙ ጊዜ ከልቡ ነው። አንዳንዴ ግን እጁ እያጨበጨበ ዓይኑ ዓሣው ሆድ ላይ ይቀራል። እዚያ ውስጥ የሆነ ነገር የሚፈልግ ይመስላል። ስለዚህ ያንተ ጥያቄ ለእኔ አዲስ አይደለም።

ጠቡ የጀመረው በቁጥር ስለሆነ ከቁጥሩ እንነሳ። አንተ የተጠቀምከው ቀመር ርዝመቱን በዙሪያው ካሬ አባዝቶ ለ800 የሚያካፍለውን ነው። 26 በ400 ሲባዛ 10,400፣ ለ800 ሲካፈል ልክ 13። "11 ቢሞላ ነው" ያለህ ልጅ ደግሞ ብዙ ሰው ለባስ የሚመርጠውን ሌላውን ሳይጠቀም አልቀረም። እሱ የርዝመቱን ካሬ በዙሪያው አባዝቶ ለ1,200 ያካፍላል። 676 በ20 ሲባዛ 13,520፣ ለ1,200 ሲካፈል 11.3 ገደማ። አየህ? ዓሣዋ አንድ፣ ሜትሩ አንድ፣ ክብደቱ ሁለት። በመካከላቸው ወደ ሁለት ፓውንድ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ከሁለታችሁ አንዳችሁም አልዋሻችሁም።

ነገር ግን ቴክሳስ ውስጥ 13 ፓውንድ እንዲያው ቁጥር አይደለም። ስቴቱ ሼርለንከር የሚባል ፕሮግራም ካቋቋመ ከ1986 ጀምሮ (ዘመኑን በፈረንጆች እየቆጠርኩ ነው) እያንዳንዱ የባስ አጥማጅ የሚያልማት ቁጥር ናት። ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ማርች መጨረሻ ድረስ 13 ፓውንድና ከዚያ በላይ የያዘ ሰው ዓሣዋን ለስቴቱ ማዋስ ይችላል። ትረባለች፣ ጫጩቶቿ ወደ ሐይቆቹ ይገባሉ፣ ያዡም ስሙ ይመዘገባል። አንተ ሳትመዝን "13" ብለህ ስትጽፍ ጓደኞችህ ያነበቡት ክብደት አይደለም። "እናንተ የምትመኙትን አገኘሁ" የሚል ነው ያነበቡት። "26 በ20" ብለህ ብቻ ለጥፈኸው ቢሆን ጠቡ በግማሽ ይቀንስ ነበር ብዬ አምናለሁ። ደግሞ ሳትጠቀምበት የቀረኸው ነገር አለ። ያው ፕሮግራም 8 ፓውንድ የሞላውን ወይም 24 ኢንች የደረሰውን ባስ በዝቅተኛው ደረጃ ይቀበላል። ያንተዋ በርዝመቷ ብቻ ታልፍ ነበር። ማንም ምንም ሊልህ አይችልም ነበር።

ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ሊዮን ፌስቲንገር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 ያስቀመጠው ሐሳብ አለ። ሰው ራሱን የሚለካው በሩቅ ባለው ሳይሆን በሚመስለው ሰው ነው። ከግሩፓችሁ ማንም ጃፓን ውስጥ የዓለም ሪከርድ በያዘ ሰው አይቀናም። የሚቀናው ቅዳሜ አብሮት ሳንድዊች በሚበላው፣ ከዚያው ሱቅ ማታለያ በሚገዛው፣ በዚያው ውሃ ላይ በሚውለው ሰው ነው። አንተ ካገኘህ እሱ ለምን አላገኘም? ይህን ጥያቄ ዓሣ ማጥመድ ከብዙ ስፖርት ይልቅ ያባብሰዋል። ሯጭ ሲሸነፍ ሰዓቱን ያያል። ደካማ መሆኑን ያውቃል፣ ይለማመዳል። አጥማጅ ምኑን ያያል? ሁለት ሰዎች በአንድ ጀልባ ቆመው፣ አንድ ዓይነት ማታለያ እየወረወሩ፣ አንዱ ዕድሜ ልኩን የሚያወራላትን ይይዛል፤ ሌላው ባዶውን ይመለሳል። ዕድል ትልቅ ድርሻ አላት። የሰው ልጅ ደግሞ የሌላውን ዕድል ይቅር ማለት ይከብደዋል። የቅናትን ዓይነቶች ያጠኑ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎችም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር አግኝተዋል። ሰውዬው ይገባዋል ብለን ስናምን ቅናታችን ለሥራ ያነሳሳናል። አይገባውም ስንል ግን እሱን ማውረድ ያምረናል። ትልቅ ዓሣ ሁሌም "አይገባውም" ለማለት ትመቻለች።

በዚያ ላይ ማስረጃው ቀጭን ነው። ዓሣዋን ለቅቀሃታል። ቦታውን ደብቀሃል። ምስክር አልነበረህም። የቀረው ያንተ ቃልና አንድ ፎቶ ነው። ይህ ያንተ ብቻ ችግር እንዳይመስልህ፤ የባስ ዓለም ከሥሩ የቆመው እንዲህ ባለ ታሪክ ላይ ነው። ጁን 2 ቀን 1932 ጆርጅ ፔሪ የሚባል የ20 ዓመት የጆርጂያ ገበሬ ሞንትጎመሪ በሚባል ሐይቅ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሚመዝን ባስ ያዘ። ፖስታ ቤት ወስዶ አስመዘነው። ሽልማቱ 75 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ነበር። ዓሣውን ቤተሰቡ በላው። ጊዜው የድህነት ጊዜ ነበር፤ ሰው ራት ያገኘ ቀን ፎቶ ፍለጋ አይሄድም። ከዚያ በኋላ ግን ይህ ሰው በሕይወት እያለም ከሞተም በኋላ "እውነት ያን ያህል ነበር?" መባሉ አላበቃም።

77 ዓመት ቆይቶ፣ ጁላይ 2 ቀን 2009፣ ማናቡ ኩሪታ የሚባል ጃፓናዊ ቢዋ ሐይቅ ላይ 22 ፓውንድ ከ4.97 አውንስ መዘነ። ፔሪን የበለጠው አንድ አውንስ በማይሞላ ነው። የዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ ማጥመድ ማኅበር ደንብ ደግሞ ከ25 ፓውንድ በታች ባለ ዓሣ ሪከርድ ለመስበር ቢያንስ 2 አውንስ መብለጥ አለበት ይላል። ስለዚህ እኩል ተባሉ። ያም ሆኖ ኩሪታ በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ፊት ተቀምጦ መጠየቅ ነበረበት። ወሬው "በተከለከለ ቦታ ነው ያጠመደው" የሚል ነበር። ፈተናውን አለፈ፤ በ2010 መጀመሪያ ጸደቀለት። እንግዲህ አንተ የተጠየቅከው ቴሌግራም ላይ ነው፤ እሱ የተጠየቀው ገላው ላይ ሽቦ ታስሮ ነው።

ከሁሉም በላይ ያንተን ነገር የሚመስለኝ ግን የካሊፎርኒያው ዲክሰን ሌክ ነው። ሳንዲያጎ አካባቢ ያለ ትንሽ የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። እዚያ ከስንጥቧ ሥር ጥቁር ነጥብ ያለባት አንዲት ባስ ነበረች። ዶቲ አሏት። በ2001 አንድ ሰው ያዛት፤ 20 ፓውንድ ከ12 አውንስ። በ2003 ሌላ ሰው ያዛት፤ 21 ፓውንድ ከ11 አውንስ። ሁለቱም ለቀቋት። እንግዲህ አስበው፤ አንዲት ዓሣ ናት፣ የት እንዳለች በግምት ይታወቃል፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ በየዓመቱ ለመራባት ወደ ዳር ትወጣለች። የዓለም ሪከርድ ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ይባል ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ዓሣ አጠመደ አይባልም፤ ወረፋ ጠበቀ ነው የሚባለው። ወረፋ ባለበት ደግሞ ክርን አለ።

ማርች 20 ቀን 2006 ማክ ዊክሊ የሚባል አጥማጅ ያችኑ ዓሣ አወጣት። በእጅ ሚዛን 25 ፓውንድ ከ1 አውንስ አለች። የፔሪን ሪከርድ ወደ 3 ፓውንድ በሚጠጋ ትበልጣለች። ግን መንጠቆው የተሰካው አፏ ላይ አልነበረም፤ ጎኗ ላይ ነበር። ሆን ብሎ አልሰካውም፤ ይሁን እንጂ እንዲህ የተያዘ ዓሣ በሕጉ መለቀቅ አለበት። ለቀቃት። ወዲያው ወሬው አገር ምድሩን አዳረሰ። ግማሹ "ሪከርድ ነው" አለ፣ ግማሹ "ሆን ብሎ ነው የወጋት" አለ። ሰውዬው ትንሽ ቆይቶ ለሪከርድ እንደማያመለክት አሳወቀ። እንዲያ ባለ ሁኔታ ስሙ እንዲነሳ አልፈለገም። በእኔ ዕይታ ከዚህ ሁሉ ትርምስ ውስጥ ንጹሑ ውሳኔ ይኸው ነው። ዶቲ በሜይ 2008 ሞታ ስትንሳፈፍ ተገኘች፤ በዚያን ጊዜ የመዘነችው 19 ፓውንድ ነው። ይህችን ቁጥር ልብ በላት። እንቁላል የሞላች ሴት ባስና እንቁላሏን የጣለች ባስ አንድ ዓይነት ክብደት የላቸውም። ያንተዋም ፌብሩዋሪ ላይ ስለተያዘች ሆዷ ሞልቶ ነበር። ጓደኛህ ሜይ ላይ ያችኑ ቢይዛትና ዘጠኝ ወይም አሥር ብትመዝን ውሸታም ነበርክ ይልሃል። ተዘጋጅ።

እዚህ ላይ ግን ለተጠራጣሪዎችም ጠበቃ ልቁም። የሚጠራጠር ሰው ሁሉ ምቀኛ አይደለም። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 ክሊቭላንድ፣ ኢሪ ሐይቅ ላይ ዎልአይ በሚባል ዓሣ በተደረገ ውድድር ሁለት አጥማጆች አምስት ዓሣ ይዘው ቀረቡ። ሚዛኑ ወደ 34 ፓውንድ አለ። የውድድሩ ዳይሬክተር ጄሰን ፊሸር ዓሣዎቹን ዓይቶ ይህ አይሆንም አለ፤ በመጠናቸው ያን ያህል ሊከብዱ አይችሉም። ቢላ አንሥቶ ሆዳቸውን ቀደደ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? በዚያ ቀን የወጣው እንቁላል የሚያክል እርሳስ ነው። የሌላ ዓሣ ሥጋም ተጠቅጥቆበት ነበር። ሊያሸንፉ የነበረው 28,000 ዶላር ገደማ ነው። ሰዉ ሊቦጫጭቃቸው ደረሰ፤ ዳይሬክተሩ ራሱ ነው አረጋግቶ ያስወጣቸው። ጥፋታቸውን አምነው በ2023 አሥር አሥር ቀን ታሰሩ፣ ጀልባቸው ተወረሰ፣ የማጥመድ ፈቃዳቸው ለሦስት ዓመት ታገደ። ሰዎቹ ከዚያ በፊትም ይታሙ ነበር። ያን ጊዜ የሚያሟቸውን ሰዎች "ቀንታችሁ ነው" ማለት ቀላል ነበር።

ሩቅ ሳትሄድ እዚያው አጠገብህ ሬይ ሀባርድ ሐይቅ ላይ በ2009 የሆነ ጉዳይ አለ። አንድ ተወዳዳሪ ባስ ውስጥ አንድ ፓውንድ እርሳስ ከትቶ ተገኘ። ሽልማቱ 55,000 ዶላር የምታወጣ ጀልባ ነበረች። የተነቃበት ዓሣው ገንዳ ውስጥ ሲገባ እንደ ድንጋይ ስለሰጠመ ነው። 15 ቀን ታሰረ። ቴክሳስ ሽልማቱ 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ውድድር ላይ ማጭበርበርን በከባድ ወንጀል ነው የምታየው። ስለዚህ አጥማጅ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ብዙ አይቷል።

በተቃራኒው ደግሞ ዴቪድ ሄይስ አለ። በ1955 በቴኔሲና በኬንታኪ ድንበር ላይ ባለው ዴል ሆሎው ሐይቅ 11 ፓውንድ ከ15 አውንስ የሚመዝን ስሞልማውዝ የሚባለውን ሌላ የባስ ዝርያ ያዘ። የዓለም ሪከርድ። ጀልባ ማቆሚያው የሚሠራ አንድ ሰው ግን "እኔ ነኝ ብረታ ብረት ውስጡ የከተትኩት" ብሎ በመሐላ ፈርሞ ነበር። ያ ወረቀት ለዓመታት ተቀምጦ በ1990ዎቹ ብቅ አለ። በ1996 የሄይስ ሪከርድ ተሰረዘ። ሰውዬው በስተርጅና አጭበርባሪ ተባለ። በኋላ ነገሩ እንደገና ተመርምሮ፣ የመሐላው ቃል እንደማያስኬድ ታይቶ፣ በ2005 ሪከርዱ ተመለሰለት። አንድ ሰው ለምን ብሎ ይህን እንደጻፈ ማንም በልቡ ገብቶ አያውቅም። እኔ ግን ሚዛን አጠገብ የማያቸውን ዓይኖች ሳስብ ብዙም አይገርመኝም።

ታዲያ ተጠራጣሪውን ከምቀኛው በምን ትለያለህ? እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ተጠራጣሪ ጥያቄ አለው፤ መልሱን ሲያገኝ ይበርዳል። "በየትኛው ቀመር አሰላህ?" ይልሃል፤ ትነግረዋለህ፤ "እኔ በሌላው ነው" ይላል፤ አለቀ። ምቀኛ መልስ አይፈልግም። አንዱን ክስ ስትዘጋበት ሌላ ይከፍታል። ክሶቹ እርስ በርስ ቢጣሉም ግድ የለውም። ያንተን ግሩፕ እየው። ዓሣዋ ትንሽ ናት ተባለ። ደግሞ ቦታው ተሰረቀብኝ ተባለ። ትንሽ ከሆነች ቦታው ለምን አስፈለገው? በእኔ ግምት "11 ቢሞላ ነው" ያለው ልጅ ምቀኛ አይደለም፤ በሒሳብ ነው የተለየህ። ስለ እጅህ ያወራው ቀልደኛ ነው፤ ደግሞም እውነቱን ነው። ዓሣን ወደ ካሜራው ገፋ አድርጎ መያዝ የማያውቅ አጥማጅ አላውቅም። በቀጣዩ ክርንህን አጥፈህ፣ ከደረትህ አስጠግተህ፣ ሜትሩን ዓሣዋ ላይ አንጥፈህ አንድ ተጨማሪ ፎቶ አንሳ። ቦታው የእኔ ነው ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሌክ ፎርክ የሕዝብ ውሃ ነው። የማንም ጓሮ አይደለም። እርግጥ ነው ቀድሞ የደረሰ ሰው እስኪሄድ ይከበርለታል፤ ያ ጨዋነት ነው። ግን ማክሰኞ ቆሞበት የነበረ ሰው ቅዳሜ ባለቤት አይሆንም። በዚያ ላይ በመራቢያ ሰሞን ትልልቆቹ ሴቶች ወደ ጥልቀት የሌለው ውሃ ስለሚወጡ ሁሉም አጥማጅ ያንኑ ዳርቻ ነው የሚያስበው። ማንንም ሳትከተል ብትደርስበት ምን ይገርማል? ሞተሩን እያስጓራ ማለፉን በተመለከተ፣ ቴክሳስ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚያጠምድን ሰው ሆን ብሎ ማወክ በሕግ ያስጠይቃል። ለአንድ ቀን ድርጊት ጌም ዋርደን (የአደንና የዓሣ ማጥመድ ሕግ አስከባሪ) ጥራ አልልህም። ከደገመ ግን የጀልባውን ቁጥርና ሰዓቱን መዝግብ፣ ስልክህን አውጥተህ ቅረጽ፣ አንድ ጊዜ በግልጽ ንገረው። በግሩፑ ላይ አይደለም፤ ለብቻው። ሰው በተሰበሰበበት ከነገርከው ለተመልካች ነው የሚመልስልህ። ውሃ ላይ ደግሞ ጀልባ በጀልባ አትጋፋ። ለዓሣ ተብሎ ሞተር ሥር የሚገባ እጅ አያስፈልግም።

የመጨረሻው ጥያቄህ ይበልጥ ደስ ብሎኛል። አዎ፣ ያቺ የላይቭስኮፕ አስተያየትህ ምቀኝነት አለባት። ግን ሐሳቧ ባዶ አይደለም። ዓሣውን ከፊትህ በቀጥታ በስክሪን የሚያሳየው ሶናር ብዙ ውድድሮችን አጣልቷል። አንዳንዶቹ ገድበውታል፣ አንዳንዶቹ ጨርሶ ከልክለውታል። ክርክሩ እውነተኛ ክርክር ነው። ጥያቄው ልጁ ባለ 2 ፓውንድ ሲይዝስ ይህን ትለው ነበር ወይ ነው። አትለውም ነበር። መሣሪያው ትዝ ያለህ 10 ሲመዝን ነው። አስቸጋሪው ቅናት እንዲህ ያለው ነው፤ እውነት ይለብሳል። በ2016 እንግሊዝ፣ ሽሮፕሻየር ውስጥ አንድ አጥማጅ ግዙፍ ካርፕ ይዞ ለብሔራዊ ሪከርድ ሲታጭ "ዓሣው በሰው እጅ ተቀልቦ የደለበ ነው፣ ሪከርድ ሊሆን አይገባም" የሚል ተቃውሞ ተነሣ። ክርክሩ ፍሬ ነበረው፤ ሪከርዱም አልጸደቀም። ግን እግረ መንገዱን ሰውዬው የግድያ ዛቻ ደርሶታል። ስለ ቀለብ ክርክር ግድያ ምን አመጣው? እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ትክክለኛ ክርክር ይዘህም በክፉ ዓይን ልትከራከር ትችላለህ። አስተያየትህን አጥፋና ለልጁ "እንኳን ደስ ያለህ፣ ስንት ኢንች ነበረች?" ብለህ ጻፍለት። ስለ ሶናር ያለህን አቋም ሌላ ቀን፣ ማንም ምንም ባልያዘበት ቀን አንሣው።

ባህላችንም እዚህ ላይ ብዙ አይረዳንም። "ምቀኛ አታሳጣኝ" እያልን ያደግን ሰዎች ነን። መልካም ነገር ሲገጥመን ማን ቀና ብለን ዙሪያችንን እናያለን። ዓሣ ይዞ "ቡዳ እንዳይበላብኝ" ብሎ ፎቶ የማይለጥፍ ሰው አውቃለሁ። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ለጥፍ። ደስታህን መደበቅ አይጠበቅብህም። ግን ቀኑን ሙሉ ደጋግመህ አትለጥፍ፤ ባዶውን ለተመለሰ ሰው አራተኛው ፎቶ ዜና አይደለም። የያዝክበትን ዘዴ አካፍል፤ ማታለያው ምን እንደነበር፣ ውሃው ስንት ዲግሪ እንደነበር፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደነበረች። ዘዴ የሰጠ ሰው ላይ መጨከን ይከብዳል። ትክክለኛውን ቦታ ግን ለጠቅላላው ግሩፕ አትስጥ። ይህን የምልህ ስለ ንፍገት አይደለም። አንዲት ትልቅ ሴት በመራቢያ ጊዜዋ በተከታታይ ቅዳሜ እየተያዘች ብትንገላታ እንቁላሏን በቅጡ አትጥልም። ጎጆዋ ላይ ያለውን ወንድ ያለማቋረጥ ብታወጡት ደግሞ እንቁላሉን ሌሎች ዓሦች ይበሉታል። ያኔ ለማናችሁም አይተርፍም።

የቀረው ስልክ የማያነሳው ጓደኛህ ነው። ከሁሉም የከበደህ የእሱ ዝምታ መሆኑ ከጽሑፍህ ያስታውቃል። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ከዓሣዋ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብራችሁ ነበር የምትወርዱት። ያን ቀን ብቻህን ነው የወጣኸው። ነግረኸው ነበር? ካልነገርከው የቀናው በዓሣዋ ላይሆን ይችላል፤ ጥለኸው መሄድህ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ሂድ። ስለ ዓሣዋ አንተ አታንሳ፤ እሱ ካነሣ አጫውተው። "ቅዳሜ እንውጣ" በለው። እሺ ካለህ ጀልባው ላይ ፊት ለፊት እሱ ይቁም፤ ያልተነካውን ውሃ መጀመሪያ የሚያገኘው እዚያ የቆመ ሰው ነው። አንተ ከኋላ ሁን። ከያዘ መረቡን ያዝለት፣ ምዘንለት፣ ፎቶውን አንሳለት። ለግሩፑ መለጠፍ አለመለጠፉን ለራሱ ተውለት።